የወይራ አምባ አደራ

አርዲቦ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህደር

የአላህ ሰላም አዲስ አበባ ድረስ ይምጣልሽ። እኔም፣ ልጄ ሀፊዛም፣ በሬዎቹም ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ደብዳቤሽን የአውቶቡስ ሾፌሩ ሙነወር ሐይቅ መናኸሪያ አስጠርቶ ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለሀፊዛ።

በስልክ እንነጋገር ያልሽው ይቅርብን። ኔትወርኩ ሲመጣ እኔ ማሳ ላይ ነኝ፤ እኔ ቤት ስገባ እሱ የለም። ጆሮዬም በስልክ የሚሰማው ግማሹን ነው። ደግሞስ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በስንት መከራ የቆጠርኩትን ፊደል መቼ ልጠቀምበት?

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። አዎ፣ የወይራ አምባ ሚካኤል መጽሐፍ እኔ ቤት አለ። ለገና እናትሽን ልትጠይቂ ሐይቅ መጥተሽ እኔም ጋ ጎራ ያልሽ ለት፣ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ያየሽው የፍየል ቆዳ ስልቻ እሱ ነው። "ምንድን ነው?" ስትዪኝ "የሰው ዕቃ ነው" ብዬ ያለፍኩሽ ጎረቤት ተቀምጦ ስለነበር ነው። አፉ በዪኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ። ጣሊያን ወሎ የገባ ጊዜ አያቴ ሸህ ሙሐዲንና የወይራ አምባው መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ ወዳጆች ነበሩ። አንዱ አምባሰል ላይ ቅኔ ያስተምራሉ፤ አንዱ አርዲቦ ዳር ኪታብ ያቀራሉ። መሪጌታ "ጣሊያን ደብሩን ፈትሾ የታሪኩን ብራና ይወስድብኛል" ብለው ሰጉ። የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ከሸህ ቤት ማን ይፈልጋል? በሐይቅ ገበያ ቀን ከሐይቁ ዳር ካለች ሾላ ሥር ተገናኝተው ስልቻውን ለአያቴ ሰጧቸው። መሪጌታ በዓመቱ ሞቱ። አያቴ ለአባቴ ለኡበይድ፣ አባቴ ለኔ አወረሱት። ቃሉ አንድ ነው፤ ባለቤቱ ሲመጣ በሽማግሌ ፊት ይሰጣል፣ እስከዚያ አይፈታም። ቆዳው እንዳይደርቅ በዓመት አንዴ ቅቤ እቀባዋለሁ እንጂ ጠፍሩን ነክቼው አላውቅም። አባቴም አልነካው።

ስለዚህ "ፈተው ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ" ያልሽው አይሆንም፣ ልጄ። ለአንቺም አልሰጥሽም፤ አትቀየሚኝ። የምሰጠው ለቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት ለሚጠብቀው ሰው ነው። እሱን አፈላልጊልኝ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህን አስረክቤ ብሞት ከዚህ ዓለም የምፈልገው ሌላ ነገር የለኝም።

ዱዓ የሚያደርግልሽ አባትሽ ኑርዬ ኡበይድ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለጋሽ ኑርዬ

እንዴት ሰነበቱልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሀፊዛን ሳሙልኝ፤ ያን ዕለት የጠበሰችልኝን ዓሣ እስካሁን አልረሳሁትም።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅዎት። "ፈተው ፎቶ ያንሱልኝ" ማለቴ አሳፍሮኛል። የሐይቅ ልጅ ሆኜ አደራ ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቸኩዬ ነው። ለምን እንደቸኮልኩ ልንገርዎት። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ወይራ አምባ ሚካኤል ነው። ደብሩን ማን ተከለው? እነማን አስተማሩበት? በየዘመኑ ምን ደረሰበት? የጠየቅኋቸው ሁሉ "እንዲህ ይባላል" ይሉኛል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያስተምሩን አማካሪዬ ደግሞ "'ይባላል' የሚለውን ቃል ከጽሑፍሽ እስክታወጪ አትመረቂም" አሉኝ። የመጨረሻው ቀን ሰኔ ሠላሳ ነው። ሁለት ዓመት የፈለግሁት መጽሐፍ በእርስዎ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ዓሣ ስበላ ከራሴ በላይ ነበር!

ቄሰ ገበዝ ትዕዛዙን አግኝቻቸዋለሁ። ኔትወርክ ፍለጋ ጋራው ጫፍ ድረስ ወጥተው ደወሉልኝ። መጽሐፉ መኖሩን ስነግራቸው አለቀሱ። አርዲቦ አካባቢ ከአንድ ሸህ ቤት እንዳለ ከአባቶቻቸው ሰምተው ኖረዋል። "ታዲያ ለምን አልጠየቃችሁም?" አልኳቸው።

"ኸረ እንዴት ብለን?" አሉኝ። "አደራ የሰጠ ሰው ሄዶ 'ዕቃዬን' ካለ 'አላመንኩህም' ማለቱ አይደለም ወይ? የሸህ ሙሐዲን ልጆች ሲመቻቸው ያመጡታል ብለን ነው።"

እንዲህ እርስ በርስ ስትጠባበቁ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሆነ ማለት ነው። ቀኑን እርስዎ ይወስኑ ብለዋል፤ የናንተም የኛም ጾም ካለፈ በኋላ፣ ግንቦት 12፣ በሚካኤል ዕለት ቢሆን ግን ይወዳሉ።

አንድ ነገር አልገባኝም። የአያትዎን ስም ስጠራ ቄሰ ገበዙ ደንገጥ ብለው "ስለ እኛስ ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ። ምን ማለታቸው ነው?

አክባሪ ልጅዎ ማህደር


አርዲቦ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማህደርዬ

ጾመኛ ለጾመኛ ሲጽፍ ሰላምታው አጭር ነው፤ ምራቅ ይቆጥባል። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ስለገጠሙ የሐይቅ ምግብ ቤቶች በቀን ጭር ብለዋል። ባጃጅ ነጂዎቹ እንኳ መጣላት ትተዋል።

ቄሰ ገበዙን ስላገኘሽልኝ አላህ ይስጥሽ። ግንቦት 12 መርሐባ ብለሽ ንገሪልኝ። ለምን ደነገጡ ላልሽው፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ያን ቀን ሾላዋ ሥር የተሰጠው አንድ ስልቻ አልነበረም። አያቴ "ያንተን ብቻ ተቀብዬ አልሄድም፤ አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ የኔንም ያዝልኝ" ብለው በእጃቸው የጻፉትን ኪታብ ለመሪጌታ ሰጥተዋል። መያዣ እንዳይመስልሽ። ወዳጅነት ነው። ኪታቡ ውስጥ በአረብ ፊደል የጻፏቸው የአማርኛ መንዙማዎች አሉበት ይባላል። ይኸው እኔም "ይባላል" አልኩ፤ አማካሪሽ አይስሙኝ።

እኛም ሄደን ጠይቀን አናውቅም። አባቴ ያባቱን የእጅ ጽሑፍ ሳያይ ሞተ። እኔም እንደሱ እሆናለሁ፤ አይከፋኝም። አንቺ ግን አደራ፣ እንዳታነሺባቸው። የነሱን በሰጠሁ ማግስት "የኔንስ?" ብል ንግድ ይሆናል።

እናትሽ ገበያ ላይ አይታኝ "ከስቷል" ማለቷን ብትነግርሽ ተዪው። ሰው በረመዳን ካልከሳ መቼ ሊከሳ ነው? ደሴ መሄዳችንንም ብትሰሚ ለሀፊዛ ዕቃ ልንገዛ ነው። ሌላ የጠየቅሽኝ ያለ አይመስለኝም።

አባትሽ ኑርዬ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ኑርዬ

እንኳን ለኢድ አደረሰዎት። ሀፊዛ ነግራኛለች። እባክዎን አይቆጧት፤ አስጨንቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ደሴ የሄዳችሁት ሐኪም ቤት ነው። ሆድዎ ውስጥ ያለው እብጠት ክረምት ሳይገባ በኦፕራሲዮን ከወጣ እንደሚድኑ፣ ካልወጣ ግን ክረምቱን እንደማይዘልቁ ሐኪሙ በግልጽ ነግሮዎታል። እርስዎም "አደራዬን ላስረክብ እንጂ ከዚያ ወዲያ ምን ቀረኝ? ሥጋዬን አላስቀድም" ብለው ወጥተዋል።

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ጋሽ ኑርዬ፣ መጽሐፉ ያስፈልገኛል። ያለ እሱ ጽሑፌ ወሬ ነው፤ የሁለት ዓመት ድካሜም ገደል ይገባል። ግን እለምንዎታለሁ፣ ግንቦት 12 አያስረክቡ። ይቆይ። መጀመሪያ ይታከሙ፤ ድነው ተነስተው ያስረክቡ። እኔ ሌላ ዓመት ልማር፤ ግድ የለም። ያን ስልቻ ከምሰሶው ያወረዱ ዕለት እርስዎም አብረው የሚወርዱ እየመሰለኝ ነው። አደራውን ፈልጌ ያነሳሳሁት እኔ ስለሆንኩ ሞትዎን የጠራሁት እኔ መሆኔ ነው። ይህን እንዴት ልሸከመው?

ወዳጅዎ አባቴ የሞተ ጊዜ ሐይቅ ድረስ በእግርዎ መጥተው ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጡም። ያን ውለታ ሳልመልስ እንዲህ አያድርጉኝ።

ልጅዎ ማህደር


አርዲቦ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማህደር

እንኳን ለፋሲካ አደረሰሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ ጭስ የገባበት መሰለኝ፤ ጭስ ግን አልነበረም። አላህ ይውደድሽ።

መልሴ ያው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እኔ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዣለሁ፤ አሁን ግን ልለቅ ነው። ቢላ ሥር ገብቼ ሳልነሳ ብቀር ስልቻው ሜዳ ላይ ይቀራል። ከሰጠሁ በኋላ ደግሞ ምን ያስቸኩለኛል? ሚስቴን ቀብሬያለሁ፣ ልጄን አድርሻለሁ፣ እርሻዬን አርሻለሁ። ሰው ሥራው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንቺ ሞቴን አልጠራሽም። እንዲያውም ከወገቤ ላይ ሸክም ልታወርጂልኝ ነው። አብሽሪ። ግንቦት 12 ነይ።

ኑርዬ


አርዲቦ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለማህደር

እንዴት ነሽ? እናትሽ ደህና ናት፤ ትናንት አግኝቻታለሁ። መንገዱ በመዘጋቱ መቅረትሽን ሁሉም አውቀውልሻል። ቀለሙ የተላቆጠበት ቦታ ካለ አፉ በዪኝ፤ አንዱ በእንባ ነው፣ አንዱ በሳቅ። አሁን ተቀመጪና አንብቢ።

ስልቻውን ራሴ ተሸከምኩት። ሀፊዛ "ልያዝልህ" ብትለኝ አልሰጠኋትም። ወይራ አምባ ስንደርስ ሁለት በግ ታስሯል፤ አንዱን በነሱ እጅ፣ አንዱን በኛ እጅ አረዱ። ካህናቱም ሽማግሌዎቹም ከወይራው ጥላ ተቀመጡ። ቆሜ "ሸህ ሙሐዲን ከመሪጌታ ኃይለ ኢየሱስ የተቀበሉት ይኸውላችሁ፤ ሳይፈታ መጥቷል" አልኩና አስረከብኩ። ቄሰ ገበዝ ትዕዛዙ ስልቻውን ሳመው። ከዚያ "ጠብቀኝ" ብሎ ወደ ዕቃ ቤት ገባና ሌላ ስልቻ ይዞ ወጣ።

"ኑርዬ ወንድሜ፣" አለኝ፣ "እኛ የረሳነው መስሎህ ነው? የሸህ ሙሐዲን አደራ ይኸው። እኛም አልፈታንም።"

የአያቴ ኪታብ! ሁለቱ ስልቾች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንታ ናቸው፤ አንድ ሰው የሰፋቸው። ትዕዛዙ እኔ ያመጣሁትን ጠፍር ፈታ። አወጣው። አየው። ገለጠው። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ የአረብ ፊደል ነው።

ወላሂ ማህደር፣ በዚያች ደቂቃ "ምነው ትናንት በሞትኩ" አልኩ። አያቴ አደራ በሉ ወይስ አባቴ ለወጠ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል? ትዕዛዙ ግን ፊቴን አይቶ "አቦ ተረጋጋ፤ ያንተንም ፍታው እስቲ" አለኝ። ያን ከዕቃ ቤት የወጣውን ፈታሁ። ብራና ነው። የግዕዝ ፊደል። የወይራ አምባ ሚካኤል ታሪክ!

ገባሽ? ሰማንያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኛ የራሳችንን ኪታብ፣ እነሱ የራሳቸውን ብራና፣ የሰው አደራ ነው ብለን ሳንፈታ ስንጠብቅ ኖርን! ትዕዛዙ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ እስኪያለቅስ ሳቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዴት እንደሆነ ገመተው። "ያ ጀማዓ፣ የኛን ሰው ሽኝት አታውቁም? ስልቾቹን ተሰጣጡ። ከዚያ አንዱ ሌላውን ሊሸኝ ተነሳ። መሪጌታ 'ሸክምህን ልያዝልህ' አሉ። ሸሁም 'እንግዲያው ያንተን እኔ ልያዝ' አሉ። መንገዱ እስኪለያይ ሲመራረቁ ሄዱ፤ በምርቃቱ መሀል የያዙትን እንደያዙ ተለያዩ።" ማን አየ? ግን ሌላ ምን ይሆናል?

ከዚያ ትዕዛዙ የብራናውን መጨረሻ ቅጠል አነበበ። መሪጌታ ወደ ሾላዋ ከመውረዳቸው በፊት በእጃቸው የጻፉት ነው። "ይህን መጽሐፍ ለወዳጄ ለሸህ ሙሐዲን አደራ ሰጠሁ፤ በቤቱ ይኖራል" ይላል። ካህናቱ ፈቀቅ ብለው ተመካከሩ። አንድ ዲያቆን ቅጠሉን ሁሉ በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ ላንቺ ነው። ሚሞሪውን ሙነወር ያመጣልሻል። ሲጨርስ ትዕዛዙ ብራናውን ስልቻው ውስጥ መልሶ ጠፍሩን ጥብቅ አድርጎ አሰረና ወደ እኔ መጣ።

"አባታችን 'በሸህ ሙሐዲን ቤት ይኖራል' ብለው ጽፈዋል" አለ። "እኛ መሪጌታን ሐሰተኛ አናደርጋቸውም። ያዝ። ከሐኪም ቤት ስትመለስ በእጅህ ትመልስልናለህ። ከልጅህ አንቀበልም፤ ከሽማግሌም አንቀበልም፤ ካንተ እጅ ብቻ።"

የነገርሻቸው አንቺ ነሽ፣ አይደል?

ምን ልበል? አስረክቤ ልሞት የሄድኩ ሰውዬ ተሸክሜ ተመለስኩ። ከኪታቡ አንድ ቃሪዕ፣ የአረብ ፊደል አንባቢ፣ ሁለት መንዙማ አነበበልኝና የአያቴን ቃል በጆሮዬ ሰማሁ፤ ከዚያ እኔም በተራዬ ለትዕዛዙ ሰጠሁት። ስንሸኝ ግን ሽማግሌዎቹ ማንም የማንንም ዕቃ እንዳይዝ ከለከሉ። ሀፊዛ ከአረፋ በኋላ፣ ሰኔ 5፣ ደሴ ቀጠሮ አስይዛልኛለች። እሺ ብያታለሁ።

አባትሽ ኑርዬ


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ኑርዬ

"እሺ ብያታለሁ" የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አዎ፣ ሕመምዎን ለቄሰ ገበዙ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ይቆጡኝ። መጽሐፉን እንዲሰጡዎት ግን አላልኩም፤ አልታሰበኝምም። ያ የራሳቸው ነው።

ፎቶዎቹ ደርሰውኛል። የደብሩ ተካዮች፣ መምህራኑ፣ ሁሉም በስማቸው አሉ፤ "ይባላል" ከጽሑፌ ወጥቷል። አማካሪዬን ያስቸገራቸው መጨረሻው ቅጠል ነው። "ጽሑፉ ተሰጠ ይላል፤ መጽሐፉ ግን ከደብሩ አልወጣም። የቱን ልትጽፊ ነው?" አሉኝ። ሁለቱንም እጽፋለሁ አልኩ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እናንተ ግን በእጃችሁ ያለውን የራሳችሁን ዕቃ የሰው ነው ብላችሁ ከወርቅ በላይ አከበራችሁት። ለሁለት ዓመት ያጠናሁት ታሪክ እንዲህ ያሉ ሰዎች ያቆዩት መሆኑን በማወቄ አመሰግናለሁ። እርስዎን አመሰግናለሁ፤ አባትዎን፣ አያትዎን፣ መሪጌታንም። ሰኔ 5 ሻማ አበራለሁ።

ልጅዎ ማህደር


ደሴ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማህደርዬ

ፊደሌ ከተንጋደደ ተኝቼ ስለምጽፍ ነው። ወጥቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙ ከሰባት ቀን በኋላ ወደ ቤት ትገባለህ ብሎኛል።

ወደ ውስጥ ሊያስገቡኝ ሲሉ ሐኪሙ "አባቴ፣ ፈሩ እንዴ?" አለኝ። "ሞት አይደለም የሚያስፈራኝ፤ የሰው ዕቃ ቤቴ አለ" አልኩት። ምን እንደማወራ አልገባውም። ስነቃ መጀመሪያ ያልኩት "ስልቻው አለ?" ነው አሉ። ሀፊዛ ሌሊትና ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ስለ እሷ አንድ ቃል ሳልጠይቅ! አልቅሳ ስትጨርስ ሳቀችብኝ።

ትናንት ትዕዛዙ ከወይራ አምባ ድረስ መጥቶ ማር አመጣልኝ። "ድኛለሁና ላምጣላችሁ" ስለው "ክረምቱ ይውጣ፤ ማን አስቸኮለህ?" አለኝ። ማህደር፣ ሥራዬ አልቋል ብዬ የተኛሁትን ሰው ሥራ ሰጥተው አስነሱኝ። እነሱን አመሰግናለሁ፤ ወጥተሽ ወርደሽ ላገናኘሽን ላንቺም አላህ ዕድሜ ይስጥሽ።

ለኅዳር ሚካኤል ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ በእጄ አስረክባቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ። ከዚያ በፊት ማንም ቢጠራኝ፣ አላህ አፉ ይበለኝ፣ ሞትም ቢሆን፣ "ቆይ፣ አደራ አለብኝ" እለዋለሁ።

አባትሽ ኑርዬ ኡበይድ ሙሐዲን